ዝሆኑ ተሻገረ ወይ?

እትዬ መለከት ስልክ አይወዱም። ለምንስ ይወዳሉ? ከምድር ቤቱ የሰርቨር ክፍል ብቅ ብለው "አንተ!" ካሉ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለ ሰው የጀመረውን ጥሎ ይወርዳል። አንዳንዴ ያልተጠራውም አብሮ ይወርዳል። የሆስፒታሉ የኔትወርክ ክፍል ኃላፊ ናቸው። መለከት የሚለውን ቅጽል ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ ሲሰሙት ግን ከት ብለው ስቀው "ጡሩምባ ብትሉኝ ነበር የምንጣላው" አሉና አጸደቁት።

ምራታቸው እዚያው አብራቸው ትሠራለች። መጀመሪያ ባልደረባ ብቻ ነበረች። አንድ ቀን ልጃቸው የረሱትን መነጽር ሊያቀብል መጣ፤ ከዚያ ወዲያ እናቱ ምንም ባይረሱም መምጣት አበዛ። ከሠርጉ በኋላ የልጅቷ ስም እዚያው ቀረ። ከዳይሬክተሩ እስከ በር ጥበቃው "ምራት" ነው የሚሏት፤ የእውነት ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው።

ጓደኞቿ ተሰብስበው አማቶቻቸውን ሲቦጭቁ ምራት ዝም ብላ ትቀመጣለች። "አንቺስ? አንድ ነገር ጣል አድርጊ እንጂ!" ይሏታል። "ሥራም እሳቸው፣ ቤትም እሳቸው፣ አታብጂም?" አታብድም። ምን ትበል? ታደንቃቸዋለች። ሴትዮዋ አንድ ነገር ማስረዳት ሲጀምሩ ሥራዋን ትታ እንደ ልጅ አፏን ከፍታ ነው የምትሰማው። ይህን ለጓደኞቿ ብትናገር ደግሞ "ምን አስነክተውሽ ነው?" ይሏታልና ዝምታው ይሻላል።

መጀመሪያ ሥራ በገባችበት ቀን አንድ ወፍራም ኬብል በእጃቸው ይዘው "ይሄ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቋት። "ኔትወርክ" አለች። "አይደለም። ይሄ መንገድ ነው። በአንድ መንገድ የእኔም አውቶቡስ፣ የሌላውም አውቶቡስ ይሄዳል። የእኔ ተሳፋሪ የሌላውን ተሳፋሪ አያውቀውም፣ ማወቅም የለበትም። ኔትወርኩ አውቶቡሱ ነው፣ ገባሽ?" ገባት። ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ስትሸመድደው የኖረችው ነገር በአንዲት አፍታ ገባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንዙ ማዶ የናሙና ምርመራ ተቋም አለ። ከታካሚ ሰውነት የተቆረጠች ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ታይታ ክፉ ናት ደግ ናት የሚባለው እዚያ ነው። ሆስፒታሉንና ተቋሙን አንድ ኬብል ያገናኛቸዋል። በዚያ ኬብል ላይ የተዘረጉት ግን ሁለት ምናባዊ ኔትወርኮች ናቸው፤ አንዱ የሆስፒታሉ፣ አንዱ የተቋሙ። የእያንዳንዱ መልእክት በየራሱ ፖስታ ታሽጎ ነው የሚጓዘው። በአንድ ሽቦ ጎን ለጎን ሲተላለፉ ይውላሉ፤ አይተያዩም፣ አይተዋወቁም። የታካሚ ምስጢር እንዳይዘራ ተብሎ ሆነ ተብሎ የተለያዩ ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ ነበር? ቀዶ ሐኪሙ ታካሚውን ከፍቶ ቁራጭ ያወጣል፤ ሾፌር በበረዶ ሳጥን ይዟት ድልድዩን ሊሻገር ይበራል፤ መንገዱ ይዘጋል፤ ሾፌሩ ይሳደባል፤ ታካሚው ተከፍቶ ይጠብቃል። ካልሆነም ተሰፍቶ ወደ ቤቱ ይሄድና መልሱ ሲመጣ እንደገና ይከፈታል። እትዬ መለከት ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። "ሰው ሻንጣ ነው እንዴ፣ ዚፑ ተከፍቶ የሚዘጋ? ምስሉን መላክ እየተቻለ!"

አዲሱ ዳይሬክተር በስብሰባ ላይ መፍትሔ አገኘሁ አሉ። "ሁለቱን ኔትወርክ አንድ አናደርጋቸውም?"

እትዬ መለከት ከወንበራቸው ተነሡ። ከጎናቸው የነበሩት ሰዎች ልማዳቸው ነውና ጆሯቸውን ያዝ አደረጉ። "ጌታዬ፣ ጎረቤትዎ ስኳር ሊበደር በመጣ ቁጥር ግድግዳ ያፈርሳሉ? ለዚህ ኮ በር የሚባል ነገር አለ!"

ዳይሬክተሩም ሳቁ፣ በሩም ተፈቀደ።

በሩ ጌትዌይ የሚባለው ነው። እትዬ መለከት ሰሌዳው ላይ በራሳቸው እጅ ሲስሉት ምራት አጠገባቸው ቆማ ነበር፤ ያንን ሥዕል ማንም እንዳያጠፋው ብላ ከላይ "አይነካ!" ብላ የጻፈችበት እሷ ናት። ጌትዌዩ ሁለት ኢንተርፌስ አለው። እትዬ መለከት እግር ነው የሚሏቸው። አንድ እግሩ ሆስፒታሉ ኔትወርክ ውስጥ ነው፤ ሆስፒታሉ የራሱ ሰው ይመስለዋል። ሌላው እግሩ ተቋሙ ውስጥ ነው፤ ተቋሙም የራሱ ይመስለዋል። ከወዲህ የመጣውን ፖስታ ይቀበላል፣ ይከፍታል፣ ለማን እንደተላከ ያያል። ማለፍ የተፈቀደለት ከሆነ በወዲያኛው ቤት ፖስታ መልሶ አሽጎ ይሸኘዋል። ካልተፈቀደለት ከደጅ ይመልሰዋል። ሁለቱ ቤቶች ሳይቀላቀሉ ይነጋገራሉ።

"እንዴ፣ ታዲያ ይሄ በሁለት ቢላ የሚበላ ነዋ!" አለ አንዱ ባልደረባ።

"ነው፤ ግን ታማኝ ነው" አሉ እትዬ መለከት። "ልጄን አታዩትም? በእኔና በሚስቱ መሃል ቆሞ ስንት ዓመቱ! እኔ ጮኼ የተናገርኩትን በለስላሳ ፖስታ አሽጎ ነው የሚያደርስላት።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ምራትም ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እውነታቸውን ነው።

የዚያ ክፍል አንድ ልማድ አለ። አዲስ መስመር ሲከፈት በመጀመሪያ "ሰላም" ይላካል። አንዲት ቃል። ማዶ ያለው ሰው "ሰላም ደረሰ!" ይላል። ሌላ ቦታ ቢሆን እዚህ ላይ ይጨበጨባል። እትዬ መለከት ዘንድ ግን ዝሆኑ ሳይሻገር ማጨብጨብ ክልክል ነው። ዝሆኑ በሆስፒታሉ ታሪክ ከተነሡት ምስሎች ሁሉ ትልቁ ፋይል ነው፤ የአንድ የማይታወቅ ሰው ጉበት ሲሆን፣ ስሙ ተፍቆ ለሙከራ ብቻ ተቀምጧል። "ሰላም ማለትማ ማንም ይላል" ይላሉ። "ሸክም ይዞ ያልፋል ወይ? እሱን ንገሩኝ።" ስንቱን ከውጭ የመጣ ባለሙያ በዚህ ዝሆን አሳፍረውታል!

በሩ እየተሠራ ሳለ አንገታቸው ላይ እብጠት ታየ። ያየችው ምራት ናት። "እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?" ስትላቸው "ተይው፣ ከጩኸቴ የተረፈ ነው" አሏት። አልተወችውም። ጎትታ ቀዶ ሐኪሙ ጋ ወሰደቻቸው።

ሐኪሙ ነገሩን አልደበቃቸውም። ታይሮይድ በሚባለው የአንገት ዕጢ ውስጥ፣ በግራ በኩል፣ እባጭ አለ። ይከፈታል፤ ቁራጭ ወጥታ እዚያው እንደተኙ ትመረመራለች። ደግ ከሆነች የግራው ግማሽ ብቻ ይወጣል። ክፉ ከሆነች ሁሉም ይወጣል፤ ያኔ ቢላዋ በሁለቱም በኩል በድምፅ ነርቮቹ አጠገብ ያልፋል። "ድምፅዎ የመጎዳት ዕድሉ ያን ጊዜ ከፍ ይላል" አላቸው።

"መልሱ ቢዘገይስ?" አለች ምራት።

"ለዘላለም ከፍቼ አልጠብቅም። መልስ ካጣሁና ከተጠራጠርሁ ሁሉንም ነው የማወጣው።"

"ስልክ ልወድ ነው በለኛ!" አሉ እትዬ መለከት። ሐኪሙ ሳቀ። በመኪና ሲመለሱ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ምራት መሪውን ይዛ አንዴ ወደ መንገዱ፣ አንዴ ወደሳቸው ታያለች። ያ ድምፅ የሌለበት ቤት፣ ያ ድምፅ የሌለበት ኮሪደር ታሰባት። ሴትዮዋ እኮ ሲቆጡም በድምፃቸው ነው፣ ሲያባብሉም በድምፃቸው ነው።

በማግስቱ ሠራተኛውን ሰብስበው "በበሩ የመጀመሪያዋ የምትሻገረው ናሙና የእኔ ናት" አሉ። ሰው ተንጫጫ። ዳይሬክተሩ "መጀመሪያ በሌላ ሰው ቢሞከር አይሻልም?" ብለው ገቡበት።

"በሌላ ሰው አንገት? ነውር አይደለም እንዴ!"

በቃ። ነገሩ በዚያው ጸደቀ። ምራት በኩራት ልትፈነዳ ደርሳ ነበር፤ እንዲህ ያለች ሴት እናቴ ብትባል፣ አማቴ ብትባል፣ ምን ይጎድላል?

ሥራውን ምራት ተረከበች። ከተቋሙ በኩል አጋሯ የዚያኛው ኔትወርክ ኃላፊ ነበር፤ ቆላፊው ነው የሚባለው። የራሱን ቢሮ ቆልፎ ውስጥ ቀርቶ ያውቃል ተብሎ ይታማል። ጥሩ ሰው ነው፤ ብቻ ክፍት ነገር ሲያይ ያመዋል። የተቋሙን ፖስታ ራሱ በወፍራም የምስጢር ገበር ለብጦታል። "የማላውቀው ነገር በሬን እንዳያልፍ" አላት። "የሚያልፈውን በስም በስሙ እየጠራሽ ፍቀጂ። የቀረው ጸጥ ይበል።"

ምራትም ንጹሕ ሥራ ትወዳለች። ምስል ይለፍ ብላ ፈቀደች። ማዶ ሆና ምስሉን የምታየው የናሙና ሐኪም መልስ ይለፍ አለች። የቀረውን አንድ በአንድ ዘጋች፤ የሚገባውንም፣ የሚወጣውንም። ቆላፊው ሥራዋን አይቶ "እንዲህ ነው እንጂ!" አላት። ከእሱ አፍ ምስጋና መውጣቱ ብርቅ ነውና አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ "ሰላም" ላከች። ቆላፊው በስልኩ "ሰላም ደረሰ!" አለ። ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ፤ የሚከለክሉት ሴትዮ ሐኪም ዘንድ ነበሩዋ። "ዝሆኑንም ልላከው" አለች ምራት። "ዝሆንሽ ለነገ ይቆይልኝ" አለ ቆላፊው፣ "ልጄን ከትምህርት ቤት ላምጣ፣ ይዘጉብኛል።" ቀዶው ገና ሳምንት ይቀረዋል። ምን ቸገራት? እሺ አለችው።

ያን ዕለት ከሰዓት ነው ጉዱ የፈላው። ለማግስቱ ጠዋት ተራ የነበረው ታካሚ ጉንፋን ጥሎት ተሰረዘ፤ ተራው ለእትዬ መለከት ደረሰ። ቶሎ ይግቡ ተባለ። ምራት እቃቸውን በሻንጣ ይዛ ክፍላቸው ስትደርስ የሆስፒታል ልብስ ለብሰው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። የሚጠሉት ስልክ ትራሳቸው ላይ ነበር። ለልጃቸው ሊደውሉ ይሆናል ብላ አለፈችው።

"ዝሆኑ ተሻገረ ወይ?" አሏት፤ ገና ሳትቀመጥ።

ምራት አየቻቸው። ልብሱ ሰፍቷቸዋል። ትልቋ ሴትዮ በዚያ ነጭ ጨርቅ ውስጥ እንዴት አነሱ! አልተሻገረም ብትል ሌሊቱን እንቅልፍ ላይወስዳቸው ነው። ወይም ተነሥተው ሰርቨር ክፍል ሊወርዱ ነው፤ ያደርጉታል። እና ዓይኗን በጨው አጥባ "ተሻግሯል እማዬ" አለች።

"ጎሽ" አሉና ስልኩን ትራሱ ሥር ከተቱት።

ማለዳ ተነሥታ ቀድማ ዝሆኑን ልትልክ ነበር ሐሳቧ። ማለዳ ግን እትዬ መለከት እጇን ያዙ። አልለቀቁም። ልጃቸው በአንድ በኩል፣ ምራት በሌላ በኩል ሆነው አልጋው በኮሪደሩ ሲገፋ፣ ሊፍት ሲገባ፣ ከሊፍት ሲወጣ ያ እጅ እጇን እንደያዘ ነው። ሰው እንዴት ብሎ ይነጠቃል? የቀዶ ክፍሉ በር ላይ ነው የለቀቁት። "ሂጂ ወደ ሥራሽ" አሏት፤ ልክ በአዘቦት ቀን እንደሚሏት።

ምራት ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። ሰርቨር ክፍል ገብታ ሳትቀመጥ ስልኩ ጮኸ። ከቀዶ ክፍሉ አጠገብ ያለው የናሙና ቴክኒሻን ነው። "ቁራጯ ወጥታለች፣ መስታወት ላይ ተዘርግታ ስላይዱ ተሠርቷል፣ ምስሉን እየላክሁ ነው።"

ስክሪኑ ላይ የመላኪያው መስመር ትንሽ ተንቀሳቀሰና ቆመ።

ጠበቀች። አልተነቃነቀም። ማዶ ያለችው የናሙና ሐኪም ደወለች። "የታካሚዋ ስም ደርሶኛል። ዕድሜዋም ደርሶኛል። የምስሉ ቦታ ግን ባዶ ነው።"

"አንዴ ይጠብቁኝ" አለች ምራት። "ሰላም" ላከች፤ ደረሰ። ምስሉን እንደገና ላኩት አለች፤ ቆመ። ቆላፊው ጋ ደወለች። "በእኔ በኩል ሁሉም አረንጓዴ ነው" አላት። በእሷም በኩል አረንጓዴ ነው። ሁሉም ነገር ደህና ነው፣ ምስሉ ብቻ አይሄድም! ስላይዱን ሾፌር ይዞት ይነሣ ብላ አዘዘች፤ ተነሣም። ግን የጠዋቱን ድልድይ ማን አጣው። ከቀዶ ክፍል ነርሷ ደወለች። "ሐኪሙ መልሱ የት ደረሰ ይላል።" ጥቂት ቆይታ ደግማ ደወለች። "ብዙ አልጠብቅም ይላል።"

ሰማይ ምድሩ ዞረባት። ላይ፣ የቀዶ ክፍሉ ደጃፍ፣ ባሏ ወንበር ላይ ተቀምጦ እናቱን ይጠብቃል። ሚስቱ ምን ብላ እንደዋሸች አያውቅም። "አንድ ዝሆን!" አለች ለራሷ፣ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ይዛ። "አንድ ዝሆን መላክ አቅቶኝ ድምፃቸውን ላስወስድ?"

እትዬ መለከት ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? አይሮጡም። ነገር ሲበላሽ ሰው ሁሉ ቁልፍ ሲቀጠቅጥ እሳቸው ሰሌዳው ፊት ይቆሙና "ዝም በሉ፣ ፖስታ ልሁን" ይላሉ። ከዚያ ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አድርገው ከመነሻው ጀምሮ እንደ ተጓዡ መልእክት ሆነው ይሄዳሉ፤ ጮክ ብለው፣ "አሁን እዚህ ደረስሁ፣ አሁን ይሄ ገጠመኝ" እያሉ። አዲስ ሠራተኛ ሲያያቸው ያበዱ ይመስለዋል።

ምራት ተነሥታ ጣቷን ሰሌዳው ላይ አደረገች። የእሳቸው ሥዕል ነው፣ የእሳቸው የእጅ ጽሑፍ።

"እኔ ፖስታ ነኝ" አለች። "ስላይዱን ፎቶ ከሚያነሣው ስካነር ወጣሁ። ትልቅ ምስል ነኝና ተከፋፍዬ ነው የምሄደው፤ እያንዳንዱ ክፍሌ እስከ አፉ ጢም ብሏል። የሆስፒታሉን ፖስታ ለበስሁ፤ ልኬ ነው። ጌትዌዩ ደረስሁ፣ በዚህኛው እግሩ ገባሁ። የሆስፒታሉን አወለቀልኝ። አሁን የተቋሙን ሊያለብሰኝ ነው…"

ጣቷ ቆመ።

የተቋሙ ፖስታ ወፍራም ገበር አለው። የቆላፊው ገበር። ገበሩ ቦታ ይይዛል፤ ውስጡ ጠባብ ነው። ስምና ዕድሜ ትንንሽ ስለሆኑ ይገባሉ። "ሰላም"ማ ምን አላት፣ ትንቦራቀቅበታለች። ጢም ያለ መልእክት ግን አይገባም።

"እሺ፣ አልገባሁም" አለች። "ካልገባሁ ጌትዌዩ ወደ ላኪው ዞሮ 'አልገባም፣ አሳንሰህ ላክ' ይለዋል። ላኪው ያሳንሳል። አልፋለሁ። ሥርዓቱ ነው። ታዲያ ለምን አላለውም?" የቆላፊው ቃል ትዝ አላት።

የቀረው ጸጥ ይበል።

እሷው ናት! "አሳንስ" የምትለዋን ቃል በስም ጠርታ አልፈቀደቻትም፤ ስለዚህ ከቀሩት ጋር ዘግታታለች። በረኛው በሩ ላይ ቆሞ አልገባም፣ አልገባም ይላል፣ አፉ ግን ተለጉሟል። ላኪው ምንም አልሰማ፤ ያንኑ ጢም ያለ ፖስታ ደግሞ ደጋግሞ ይልካል። ይሄን ስህተት የሚሠራው ሰነፍ ሠራተኛ አይደለም። ንጹሕ ሥራ የሚወድ ሠራተኛ ነው የሚሠራው።

በሩ የሁለት ቤት በር ነውና ያለ ቆላፊው ፈቃድ አይነካም። ደወለችለት። "አንድ ቃል ልከፍት ነው።"

"አሁን? በሥራ መሃል? የምን ቃል?"

"'አልገባም፣ አሳንስ' የምትለዋን።"

"እሷን ዘግተናታል እንዴ?" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። "ወይኔ! ክፈቻት! ምን ትጠብቂያለሽ፣ ክፈቻት እንጂ!"

ቆላፊው በዕድሜው "ክፈቻት" ሲል ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከፈተቻት። ወዲያው ላኪው ሰማ። ፖስታዎቹን አሳነሳቸው። የቆመው መስመር ነቅነቅ አለ፣ ከዚያ ተንደረደረ። የናሙና ሐኪሟ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች "መጣ… መጣ… እንዴ፣ እንዴት ጥርት ብሏል!" ስትል ትሰማለች። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ሐኪሟ ማየት ጀምራለች ማለት ነው።

ምራት በበሩ ያለፈውን ሁሉ የሚመዘግበውን የጌትዌዩን ቆጣሪ አፍጥጣ ታያለች። በዚያኛው እግር በኩል አንዲት ትንሽ መልእክት ገባች፣ በዚህኛው ወጣች። መልሱ ነው! አለፈ! ምን እንደሚል ግን ማየት አትችልም። ጌትዌዩ የውጭውን ፖስታ ቢከፍትም ለማን እንደተላከ ብቻ ነው የሚያየው፤ መልእክቱ ራሱ ውስጥ ለብቻው የታሸገ ነው። የታካሚ ነገር በር ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ ማየት የለበትም ብለው እንዲህ አድርገው የሠሩት ራሳቸው እትዬ መለከት ናቸው። አይ እኚህ ሴትዮ! የራሳቸው ምራት እንኳ፣ በራሳቸው ጉዳይ እንኳ፣ እንዳታይ! በንዴት ልታለቅስ ደርሳ አደነቀቻቸው።

ደረጃውን ሮጠች። ባሏ ከወንበሩ ብድግ አለ። "ምን ሆነሻል? ፊትሽ…" መልስ ሳትሰጠው እጁን ያዘች። ሁለቱም በሩን እያዩ ቆሙ። ያ በር እስኪከፈት ዓመት ሆነባቸው።

ቀዶ ሐኪሙ ጭምብሉን እያወረደ ወጣ። "ደግ ናት" አለ። "ግራውን ብቻ ነው ያወጣሁት። ሁሉንም ላውጣ ብዬ ቢላዬን አንሥቼ ነበር፤ መልሱ ያን ጊዜ ነው የገባው። ቀኙን አልነካሁትም።"

ባሏ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ምራት አላለቀሰችም። ግድግዳውን ተደገፈች።

እትዬ መለከት ነቅተው ክፍላቸው ሲመለሱ አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። ሐኪሙ ለጊዜው ብዙ እንዳይናገሩ ብሏል፤ ይህን ትእዛዝ ለእሳቸው መስጠት ራሱ ድፍረት ነው። ልጃቸው ግንባራቸውን ስሞ ውኃ ሊያመጣ ወጣ። ምራትን በጣታቸው ጠሯት። ጎንበስ አለች።

"ዝሆኑ ተሻገረ ወይ?"

ሻካራ፣ ቀጭን ሹክሹክታ ነበር። ግን የእሳቸው ድምፅ ነው፤ ከሥሩ ያለው ያው መለከት ነው።

ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም። "እማዬ፣ ትናንት ዋሽቼዎታለሁ። ዝሆኑን አልላክሁትም ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ምን?"

በዓይናቸው ወደ ትራሱ ጠቀሱ። ስልኩ ጫፉ ይታያል። "ትናንት የጌትዌዩን ቆጣሪ በእሱ አየሁት። ያለፈው ሰላም ብቻ ነው። ዝሆን ያለፈበት ቆጣሪ እንዲያ አይከሳም።"

ምራት ቀና አለች። "እያወቁ ገቡ? ይቆይ ቢሉ ምን ነበር? ለምን አልነገሩኝም?"

"ብነግርሽ ትደነግጫለሽ። የደነገጠ ሰው ፖስታ መሆን አይችልም።"

"ድምፅዎ ኮ ነበር እማዬ! ድምፅዎ!"

እትዬ መለከት እጃቸውን ዘርግተው፣ ጠዋት እንደያዙት አድርገው፣ እጇን ያዙ። "በሩ ላይ ማን እንዳለ አውቅ ነበራ" አሉ።

ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ጠዋት ያላለቀሰችውን ጭምር። እሳቸውም እስኪወጣላት ተዋት። ልጃቸው በውኃ ብርጭቆ ሲመለስ ሁለቱን አይቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ መሃል መግባት አላስፈለገውም።

"በቃ፣ ተነሺ" አሉ እትዬ መለከት በዚያችው ሻካራ ድምፅ። "የተሻገርሁት እኔ ነኝ እንጂ ዝሆኑ አልተሻገረም። ሂጂና ላኪው።"

ምራት ፊቷን ጠርጋ ወረደች። ሰርቨር ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። ያን የማይታወቅ ሰው ጉበት፣ ያን ግዙፍ ፋይል መርጣ ላከችው። በሆስፒታሉ እግር ገባ፣ በተቋሙ እግር ወጣ፤ ቆጣሪው እየወፈረ፣ እየወፈረ ሄደ። በመጨረሻ የቆላፊው ድምፅ በስልኩ ጮኸ።

"ዝሆኑ ደረሰ!"

ምራት ብቻዋን ቆማ አጨበጨበች።